የሚያክመኝ ኩባንያ ባለድርሻ ልሁን?

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት የቡና ለቀማ ወራት የኢሉባቦሮቹ ያዮ፣ ሁሩሙና መቱ ገንዘብ ያያሉ። የተንጠለጠለ ብድር የሚከፈለው፣ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚገዛው፣ ስለ ባንክ አክሲዮን ወሬ የሚደምቀውም በዚሁ ሰሞን ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ጥቂት ብር ሲተርፈው ታዲያ አንድ ሐሳብ ይመጣበታል። ዕድሜ ልኬን ለመድኃኒት አምራችና ለመድኃኒት ነጋዴ እየገበርኩ ከምኖር ለምን እኔም ከነሱ ወገን አልሆንም? የምወጋውን ኢንሱሊን ከሚሠራው፣ ደሜን የምለካበትን ከሚሸጠው ኩባንያ ድርሻ ብገዛስ?

ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። የአክሲዮን ገበያ ከቆየባቸው አገሮች ብዙ ሕመምተኞች ይህንኑ ያደርጋሉ። እኔም ስኳር ካለባቸው ሰዎች ስለሆንኩ ነገሩን አገላብጬ አይቼዋለሁ። ከወዲሁ ልናገር፦ ለብቻው ለሚገዛ ሰው ደካማ ሐሳብ ነው፤ ተሰባስበው ለሚገዙ ሰዎች ግን ሌላ መልክ ይይዛል።

የሐሳቡ ደጋፊዎች አስቀድመው የሚያነሱት እውቀትን ነው። የትኛው መድኃኒት እንደሠራ፣ የትኛው ሆድ እንደሚረብሽ፣ የትኛው ብልቃጥ ከገበያ እንደጠፋ፣ ሐኪሞች የቱን መጻፍ እንደተዉ ሕመምተኛው ከገበያ ተንታኝ ቀድሞ ያውቃል ይላሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ማካካሻ ነው። የመድኃኒቴ ዋጋ ሲጨምር የኩባንያው ትርፍ ይጨምራል፤ በግራ ኪሴ ያጣሁትን በቀኝ ኪሴ አገኛለሁ። ከሁሉም ረቀቅ የሚለው ግን ይኼኛው ነው፦ በሽታውን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት በሌላ ወገን ቢገኝ ኩባንያዬ ይከስራል፣ እኔ ግን ድኛለሁ፤ ካልተገኘ ደግሞ ኩባንያው ያተርፋል፣ ከትርፉ እቋደሳለሁ። በየትኛውም በኩል ባዶ እጄን አልቀርም። ይህን የመጨረሻውን እስካሁን በቀጥታ ያፈረሰልኝ ሰው የለም፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ከታሪክ ምስክር ይምጣ ከተባለ ዴንማርክ ትቀድማለች። እ.ኤ.አ. በ1922 ኦገስት ክሮግ የሚባል የኮፐንሃገን የፊዚዮሎጂ ሊቅ ንግግር ለማድረግ አሜሪካ ሄደ። ከሁለት ዓመት በፊት የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። ሚስቱ ማሪ አብራው ነበረች። ማሪ ራሷ ሐኪም ናት፤ የስኳር ሕመምም ነበረባት። በደረሱበት ሁሉ የሚወራው በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ ስለተገኘው ኢንሱሊን ነበር። ማሪ ባሏን ገፋፍታ ቶሮንቶ እንዲሄድ አደረገችው፤ ክሮግም በስካንዲኔቪያ አገሮች ኢንሱሊን የማምረት ፈቃድ ይዞ ተመለሰ። የማሪ ሐኪም ከነበረው ከሃንስ ክርስቲያን ሃገዶርን ጋር ሆኖ ዓመቱ ሳያልቅ ከከብት ቆሽት ኢንሱሊን ማውጣት ጀመሩ። ገንዘቡን ያቀረበው ኦገስት ኮንግስቴድ የሚባል የመድኃኒት ፋብሪካ ባለቤት ነው፤ በምላሹ ኢንሱሊኑ በፋብሪካው ስም «ኢንሱሊን ሊዮ» ተብሎ እንዲጠራለት ብቻ ጠየቀ። በ1923 ኖርዲስክ የተባለው የኢንሱሊን ላቦራቶሪ ተቋቋመ። በ1932 ደግሞ የራሱን የስኳር ሆስፒታል ከፈተ።

ዛሬ በጤና ጣቢያ የምንቀበለው ደፍረስ ያለው ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች የምንለው፣ ከዚያው ቤት የወጣ ነው፤ የስሙ መጨረሻ ፊደል የሃገዶርንን ስም ትወክላለች። ከኖርዲስክ የተባረረ አንድ ሠራተኛ ከወንድሙ ጋር ሆኖ በ1925 ኖቮን አቋቋመ። ሁለቱ ባላንጣዎች ከስልሳ ዓመታት በላይ ሲፎካከሩ ኖረው በ1989 ተዋሐዱና ኖቮ ኖርዲስክ ሆኑ። እስከ ዛሬም የኩባንያውን አብላጫ ድምፅ የያዘው አንድ ፋውንዴሽን ነው።

የክሮግን ታሪክ የሚያወሱ ሰዎች ትርፉን ሲያዩ ዋናውን ነገር ይዘሉታል። ማሪና ኦገስት ተርፎ በተቀመጠ ገንዘብ ድርሻ የገዙ ሰዎች አይደሉም። በአገራቸው ኢንሱሊን አልነበረም፤ እንዲኖር አደረጉ። ያገኙት ክፍያም ብልቃጡ ነው። ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊንን ያገኙት እነ ባንቲንግም ቢሆኑ የፈጠራ መብታቸውን ለከተማው ዩኒቨርሲቲ ያስተላለፉት እያንዳንዳቸው 1 ዶላር እየተቀበሉ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን ኖቮ ኖርዲስክ እንምጣ፤ የእውቀት መከራከሪያው የሚፈተነው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኩባንያው የፈረንሳዩን ኤልቪኤምኤች በልጦ በአውሮፓ ገበያ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ኩባንያ ሆነ። በ2024 አጋማሽ የአክሲዮኑ ዋጋ ጫፍ ደረሰ። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። በሐምሌ 2025 ኩባንያው የዓመቱን የሽያጭ ትንበያ ሲቀንስ አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከ20 በመቶ በላይ ወደቀ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ተቀየረ፤ በመስከረም ወር 9,000 ያህል ሠራተኞች እንደሚቀንስ አስታወቀ። ሽቅብ ያወጣውም ቁልቁል ያወረደውም ኦዜምፒክና ዌጎቪ የሚባሉት፣ በተለይ አሜሪካውያን ክብደት ለመቀነስ የሚወጉት መድኃኒት ነው። ተፎካካሪው ኢላይ ሊሊ በዚሁ ገበያ ቀደመው።

እንግዲህ በያዮ ጤና ጣቢያ ኤንፒኤች የሚወስድ ገበሬ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ቀድሞ ሊያውቅ ይችል ነበር? ምንም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እኛ የምንወስደው ርካሹ የሰው ኢንሱሊን ለባለአክሲዮን የሚያጓጓ ዕቃ አይደለም። ኩባንያው በ2024 ለደቡብ አፍሪካ የመንግሥት ሆስፒታሎች ያቀርብ የነበረውን የሰው ኢንሱሊን እስክሪብቶ አቋርጧል። የእኔ መድኃኒት መቅረት ለባለአክሲዮኑ መልካም ዜና ሊሆን የሚችልበት ሁኔታ አለ ማለት ነው። የኩባንያውን ሪፖርት የሚያነብ ሰው ይህን በቁጥር ያየዋል፤ ሕመምተኛው የሚያየው ባዶ መደርደሪያ ነው።

መቱ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ቆሜ የሰማሁትን ልጨምር። አንዲት እናት በነጠላ ጫፍ የቋጠሩትን የስኳር መለኪያ ፈትተው መስኮቱ ላይ አኖሩት።

«አዴ፣ ይሄ ስትሪፕ ለእርስዎ ማሽን አይሆንም» አላቸው ልጁ።

«ማሽኑን እኮ በነፃ ነው የሰጡኝ።»

«ማሽኑማ ነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚበላው ስትሪፑ ነው። የእርስዎ ዓይነት ደግሞ ካለቀ ቆየ።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል ልጄ?»

«ወይ ሌላ ማሽን ይግዙ፣ ወይ እስኪመጣ ይጠብቁ።»

አዴ ማሽኑን መልሰው ቋጠሩት። የዛን ቀን ስኳራቸው ስንት እንደሆነ ሳያውቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የመለኪያ ንግድ በዓለም ዙሪያ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። መሣሪያው በርካሽ ወይም በነፃ ይሰጣል፤ የሚገባለት ስትሪፕ የዚያው አምራች ብቻ ነው፤ ገዢው ከዚያ በኋላ ታስሮ ይኖራል። ከመስኮቱ ወዲህ ለቆመ ሰው ይህ በደል ነው። የአክሲዮን መዝገብ ለሚያነብ ሰው ግን የማይቋረጥ ገቢ ይባላል፤ ከዚህ የተሻለ ደንበኛ የለም። ሕመምተኛው ባለድርሻ ሲሆን ሁለቱንም ሰው መሆን አለበት። አንዱ የሚያተርፈው ሌላው ሲታሰር ነው።

እዚህ ላይ የማካካሻውን ስሌት በቁጥር እንየው። አንድ ሰው 10,000 ብር አክሲዮን ገዛ፣ ኩባንያውም ደግ ሆኖ በዓመት 10 በመቶ ከፈለ እንበል። ከግብር በፊት 1,000 ብር ይሆናል፤ በወር 83 ብር ከሳንቲም። ለኢንሱሊን፣ ለመርፌ፣ ለስትሪፕና ለመኪና የሚያወጣውን ወርኃዊ ወጪ ከዚህ ጋር ያስተያይ። ወጪውን በሙሉ የሚያካክስ ድርሻ ለመያዝ ከመጀመሪያውም ሀብታም መሆን ያስፈልጋል፤ ሀብታም ደግሞ የመድኃኒት ዋጋ ብዙም አያስጨንቀውም። በዚያ ላይ የእኛ ሰው ትልቁ ስጋት ኮፐንሃገን ላይ የሚወሰን ዋጋ አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ይህን ይከተላል። ሁለተኛው ስጋት የመድኃኒቱ ጨርሶ አለመኖር ነው። «የለም፣ ከውጭ ይገዛ» የሚባለውን ቃል የማያውቅ የክትትል ታካሚ የለም። የትርፍ ድርሻ እጁ ላይ ቢኖርም በከተማው የሌለውን ብልቃጥ አይገዛለትም።

ሕመምተኞች ተሰባስበው ኩባንያ ውስጥ ከገቡባቸው ታሪኮች ትልቁ የአሜሪካው የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ፋውንዴሽን ነው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሳንባን በወፍራም አክታ የሚዘጋ፣ ከወላጆች የሚወረስ ሕመም ነው። የሕመምተኛ ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት ይህ ድርጅት በእርዳታ የሰበሰበውን ገንዘብ ከ2000 አካባቢ ጀምሮ፣ ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው፣ ቆይቶ ቨርቴክስ የሚባለው የመድኃኒት አምራች አካል በሆነ አንድ አነስተኛ የምርምር ኩባንያ ላይ አፈሰሰ። ጠቅላላው 150 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደረሰ። በምላሹ መድኃኒት ቢገኝ ከሽያጩ መቶኛ እንዲከፈለው ተዋዋለ። መድኃኒቱ ተገኘ። ካሊዴኮ የሚባለው በ2012 ገበያ ላይ ዋለ፤ በ2014 ፋውንዴሽኑ የወደፊት ድርሻውን በ3.3 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። በዘርፉ እንደዚህ ያለ ትርፍ ከዚያ በፊት አልታየም።

የመድኃኒቱ ዋጋ ስንት ነበር? ለአንድ ሰው በዓመት 294,000 ዶላር። ፋውንዴሽኑ ከሽያጩ መቶኛ ስለሚያገኝ ዋጋው በጨመረ ቁጥር የእሱም ገቢ ይጨምር ነበር። ይህን ነገር ሐኪሞች ሳይቀሩ አጥብቀው ተቹት። ፋውንዴሽኑ ገንዘቡን መልሶ ለምርምርና ለሕመምተኞች አገልግሎት እንደሚያውለው መለሰ፤ አውሎታልም። ለእኔ ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ያ ገንዘብ ባይኖር መድኃኒቱ በዚያ ፍጥነት አይመጣም ነበር። ገንዘቡን ሲሰጡ ግን በዋጋው ላይ አንዲት መስመር ውል አላስገቡም፤ ጥፋታቸው እዚያ ላይ ነው። የልጇ ሳንባ የሚዘጋባት እናት ኬክ ጋግራ፣ ሩጫ አዘጋጅታ ያዋጣችውን ብር የሰጠ ድርጅት «ስንት ትሸጡታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነበር።

ስለዚያ ብልህ ስለሆነው መከራከሪያ፣ ማለትም «ብድን እተርፋለሁ፣ ባልድን አተርፋለሁ» ስለሚለው፣ የመድኃኒት ኩባንያውን የጊሊያድን ነገር ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ሶቫልዲ የጉበት ቫይረስ ሲን የሚፈውስ መድኃኒት ነው፤ የአሜሪካ ዋጋው ለአንድ ሙሉ ሕክምና 84,000 ዶላር ነበር። ሰዎች ዳኑ። የዳነ ሰው አይመለስም፤ የኩባንያው ገቢ በ2015 ጫፍ ደርሶ ወረደ። በ2018 የጎልድማን ሳክስ ባንክ ተንታኞች ሕመምተኛን መፈወስ ዘላቂ ንግድ ይሆናል ወይ ብለው በጽሑፍ ጠየቁ። ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔ ግን ለሐቀኝነታቸው አመሰግናቸዋለሁ። ገንዘብ ወዴት እንደሚያደላ በአንድ ጥያቄ ነገሩን፦ ዕድሜ ልክ ወደሚወሰደው መድኃኒት። ስለዚህ ኩባንያዬ ፈውሱን እንዲያፈላልግ የሚገፋፋው ባለአክሲዮኑ አይደለም፤ ባለአክሲዮኑ እኔ ብሆን እንኳ።

በኢትዮጵያ የዚህን ተቃራኒ መንገድ በዓይናችን ያየነው በኤችአይቪ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ.፣ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። በ2001 የህንዱ መድኃኒት አምራች ሲፕላ በ350 ዶላር አቀርባለሁ አለ። ዋጋውን የሰበረው የሕመምተኞች ጩኸት፣ የደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤት ክርክርና ተመሳሳይ መድኃኒት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ፉክክር ነው። እኛም አገር መቅድምና ተስፋ ጎህ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ስማቸውንና ፊታቸውን ሳይደብቁ ያቋቋሟቸው ማኅበራት ናቸው። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀመረ። በዚያ ዘመን የአንድ ትልቅ መድኃኒት አምራች አክሲዮን የያዘ ሕመምተኛ ቢኖር ኖሮ ሕይወቱን ያተረፈው የዋጋ መውደቅ በኪሳራ ይመዘገብበት ነበር።

ኢሉባቦር ውስጥ ደግሞ ከነጭራሹ ባለአክሲዮን የማያያቸው ሕመሞች አሉ። በወንዞቻችን ዳር ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈው ኦንኮሰርካ አንዱ ነው። መድኃኒቱን ሜክቲዛንን አምራቹ መርክ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ የሚከፍል ገዢ እንደማይገኝለት ስላወቀ። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠትም ሌላው ነው፤ መከላከያው ጫማ፣ ሳሙናና ውኃ ነው። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው «የሚያገለግለኝን ኩባንያ ድርሻ ልግዛ» ቢል የቱን ይገዛል? የጫማ ፋብሪካ?

ከያዮ ተቀምጦ በተግባር ምን መግዛት ይቻላል የሚለው ብዙ አያቆየንም። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። ቀድመው የተመዘገቡት ወጋገንና ገዳ ባንኮች ናቸው። ኢትዮ ቴሌኮም በቴሌብር ባቀረበው ሽያጭ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዙ፤ ለሽያጭ የቀረበው ግን 100 ሚሊዮን ነበር። የመድኃኒት ፋብሪካዎቻችን በሌላ መንገድ የቆሙ ናቸው፦ የገላኑ ካዲላ፣ የዱከሙ ሳንሼንግ፣ ሂውማንዌል፣ ጁልፋር የውጭ እናት ኩባንያ ወይም ጥቂት ሸሪኮች አሏቸው፤ አላፊ አግዳሚ ድርሻ የሚገዛባቸው አይደሉም። ከውጭ ገበያ በዶላር አክሲዮን መግዛትን ደግሞ የምንዛሪ ሕጋችን እንደልብ አይፈቅድም። ሚኒሶታ ወይም ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ይችላል፤ እንዲያውም የጡረታ ቁጠባው በገበያ ጠቋሚ ፈንድ ከተቀመጠ ሳያውቀው የሊሊ ባለድርሻ ነው።

 

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፦ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ገንዘቡ ቶሎ በእጁ መግባት አለበት። ስኳሩ ድንገት ወጥቶ ራሱን የሳተ ሰው ከያዮ መቱ ካርል ሆስፒታል፣ ከመቱ ጅማ፣ ከጅማ ጥቁር አንበሳ ሊላክ ይችላል። ያን ሌሊት የሚፈለገው ለመኪና የሚከፈል ብር ነው። የአገራችን አክሲዮን በአንድ ሌሊት አይሸጥም።

አክሲዮንን ለትርፍ ሳይሆን ለድምፅ መግዛትስ? ይህ የተሻለ ሐሳብ ነው። በአሜሪካ የሃይማኖት ተቋማት የጡረታ ገንዘባቸውን ይዘው በመድኃኒት ኩባንያዎች ጉባኤ ላይ የዋጋ ጥያቄ ያነሳሉ። በ2023 ሊሊ የኢንሱሊን ዋጋውን በ70 በመቶ ሲቀንስ፣ ኖቮም ሲከተለው፣ ከመንግሥት ሕግና ከሕመምተኞች ጩኸት ጋር እንዲህ ያለው ግፊትም ነበረበት። ቢሆንም ድምፅ የሚሰማው ተደምሮ ነው።

ተሰባስቦ መግባት ያልኩት ይህንን ነው፤ በእኛ አገር መልኩም ከአክሲዮን ይልቅ ወደ ማኅበር ይቀርባል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮቢን ሎውረንስ በስኳር ሊሞት ሲል እ.ኤ.አ. በ1923 ኢንሱሊን ደረሰለት፤ በ1934 ስኳር ከነበረበት ደራሲ ከኤች ጂ ዌልስ ጋር የሕመምተኞች ማኅበር አቋቋመ። የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ አለ። ኢቫ ሳክስል የምትባል ስደተኛ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሻንጋይ ላይ ኢንሱሊን ሲጠፋባት ከባሏ ጋር ከጎሽ ቆሽት አውጥታ በመጀመሪያ ራሷን ወጋች፤ ከዚያ በከተማው ለነበሩ ሌሎች ሕመምተኞች አደለች። እነዚህ ሰዎች ያዋጡት ነገር የተመለሰላቸው መድኃኒት ሆኖ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ጅማና ጎንደር ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስኳርና የሚጥል ሕመም ክትትልን ከሆስፒታል አውጥተው በገጠር ጤና ጣቢያ በነርሶች እጅ እንዲሰጥ አድርገዋል። ታካሚው የአንድ ቀን መንገድ ቀረለት፤ ቀጠሮ የሚያቋርጠውም ሰው ቀነሰ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከመካከላቸው አንዱ ጎረቤታችን ሊሙ ኮሳ ነበር። ብዙ ድክመት አለበት፤ ዋናውም መድኃኒት ሲጠፋ አባሉ ካርዱን ይዞ ከግል መድኃኒት ቤት በጥሬ ገንዘብ መግዛቱ ነው። ይሁንና ዓመታዊ መዋጮው ከአንድ ሰው የአክሲዮን ግዢ በብዙ ያነሰ ሆኖ የሚመልሰው ምርመራ፣ አልጋና መድኃኒት ነው። በየትኛውም ገበያ ለሕመምተኛ እንዲህ የሚከፍል ወረቀት አላየሁም።

የኢንሱሊን ማከማቻም እንዲሁ በጥቂት ወጪ ብዙ የሚመልስ ጉዳይ ነው። መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊን ተበላሸ ብሎ የሚጨነቅ ብዙ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ የስደተኞች ካምፕ ሙቀት ልክ ሞክረው በ2021 እንዳሳተሙት፣ የተከፈተ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለአራት ሳምንት ኃይሉን ጠብቆ ይቆያል። ይህን እውቀት ለአንድ ቀበሌ ታካሚዎች ማዳረስ የሚጠይቀው አንድ ነርስና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ስለዚህ ፍርዴን ልስጥ። ሕመምህን የሚያክም መሆኑ ብቻ አንድን አክሲዮን የተሻለ አያደርገውም፤ ለመግዛት ካሰብክ እንደማንኛውም አክሲዮን ሒሳቡን መርምር፣ የሦስት ወር መድኃኒትና የአንድ ሌሊት መኪና ከሚችል ጥሬ ገንዘብ በኋላ ብቻ ግዛ፣ ያለህን ሁሉ በአንድ ኩባንያ ላይ አታኑር።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን በቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጠረጴዛ ላይ ነው። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከፍትሐዊ ንግድ በሚገኝ ተጨማሪ ክፍያ ለአባላቱ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ሲያሠራ ኖሯል። በያዮና በመቱ ያላችሁ የማኅበር አመራሮች፣ ዘንድሮ የትርፍ ክፍፍሉ ሲነሳ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ ለየጤና ጣቢያው አንድ ዓይነት የስኳር መለኪያ፣ ለሱም የዓመት ስትሪፕና የኤንፒኤች መጠባበቂያ የሚገዛ ተዘዋዋሪ ገንዘብ መድቡ። ስኳር ያለብን አባላት ድርሻችንን እዚያ ላይ እንገዛለን።